የሚያንኮራፋን ሰው አስተኝቶ ጉሮሮውን ለማየት፦ የትኛው መድኃኒት?

ባሕር ዳር ማደንዘዣ የምሰጥ ባለሙያ ነኝ። ትንፋሹ እንቅልፍ ላይ የሚቆራረጥ ታካሚ ሲመጣ፣ ሚስቱ በስልኳ የቀዳችውን የሌሊት ድምፅ አስቀድሜ እሰማለሁ። በመድኃኒት አስተኝተን በካሜራ ማየት የምንፈልገው ያ ድምፅ ሲወጣ ጉሮሮው የት እንደሚጠብ ነውና።

የእኔ ምርጫ በደም ሥር የሚሰጠው ማስተኛ፣ ፕሮፖፎል ነው። ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ ይለቃል። ግን አይቸኮልም። ለአዋቂ 30 ሚሊግራም ሰጥቼ 2 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በየ2 ደቂቃው 10 እጨምራለሁ። ማንኮራፋት ሲጀምርና ስሙ ሲጠራ ሳይመልስ ሲቀር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የጤነኛውም ጉሮሮ ይደፈናል፤ ምርመራው ያሳስታል።

ሌላው ማስተኛ ዴክስሜዴቶሚዲን ትንፋሽን ብዙም አይጫንም። በኪሎ 1 ማይክሮግራም በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይገባል። የልብ ምት ያዘገያል፣ ግፊት ያወርዳል፤ ሞኒተሩን አትልቀቁ።

ሦስተኛው ማስተኛ ሚዳዞላም ማርከሻ አለው፣ ፍሉማዜኒል። ግን ይቆያል። ከዘጌ የመጣን ሰው በዚያው ቀን ብቻውን ጀልባ ላይ ማሳፈር የለም! ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) አትደርቡበት።

የደሙን ኦክስጅን ነቅቶ ሳለ ለኩ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መነሻው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ሰክሽን (ምራቅና ፈሳሽ መምጠጫ)፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) እና ወደ መተንፈሻ ቧንቧ የሚገባ የቱቦ ዕቃ ከራስጌው ይቀመጥ።