ጣልያን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንቲባ ለምትመርጡ፦ ድምፃችሁ እንዳይበላሽ

ቺታዲናንሳ (ዜግነት) አግኝታችሁ ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ቀርባችሁ የማላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ብዙ የኛ ሰው ፓስፖርቱን ካወጣ በኋላ ምርጫ ሲባል የሚታየው የፓርላማው ብቻ ነው፣ እኔ ግን ኑሯችን ውስጥ ቀጥታ የሚገባው የሲንዳኮው (የከንቲባው) ምርጫ ነው ባይ ነኝ፣ ሬዚደንሳ (የመኖሪያ አድራሻ) የሚመዘግበው አናግራፈ ቢሮ፣ የልጆቹ አዚሎ (መዋዕለ ህፃናት)፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ቆሻሻው፣ የኮሙኔ ቤት ወረፋ፣ ይሄ ሁሉ ከንቲባውና እሱ የሚሾማቸው አሴሶሬዎች (የዘርፍ ኃላፊዎች) ጋ ነው ያለው። ድሮ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነበር፣ ከ1993 ወዲህ ግን ህዝቡ ራሱ ነው በቀጥታ የሚመርጠው፣ ለ5 ዓመት።

መጀመሪያ መምረጥ መቻላችሁን እዩ። 18 ዓመት የሞላው የጣልያን ዜጋ ሆኖ እዛው ኮሙኔ ነዋሪ ተብሎ የተመዘገበ ይመርጣል። በፐርሜሶ (በመኖሪያ ፈቃድ) ያለ ሰው ሃያ ዓመት ቢኖርም አይመርጥም፣ በጣም ያሳዝነኛል ግን ህጉ እንደዛ ነው። የስዊድን ወይ የጀርመን ወይ የሌላ የአውሮፓ ህብረት አገር ፓስፖርት ይዛችሁ እዚህ የምትኖሩ ደግሞ ለከንቲባና ለምክር ቤት መምረጥ ትችላላችሁ፣ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አይመዘግባችሁም፣ ምርጫው 40 ቀን ሲቀረው ማመልከቻችሁ ኮሙኔ ገብቶ ማለቅ አለበት። እዚህ የተወለደ ልጅ ያላችሁም ስሙ፣ ከተወለደ ጀምሮ ሳያቋርጥ በህጋዊ መንገድ እዚህ የኖረ ልጅ 18 ሲሞላው ኮሙኔ ሄዶ ዜግነቱን መጠየቅ ይችላል፣ 19 ሳይሞላው ነው ታዲያ፣ ይቺ አንድ ዓመት እንዳታመልጠው አደራ።

ቀጥሎ ተሴራ ኤለቶራለ (የመራጭነት ካርድ) ነው። ከማላችሁ በኋላ መራጭ አድርጎ የሚመዘግባችሁ ኮሙኔው ራሱ ነው፣ ምርጫው ተቃርቦ ካርዱ ካልደረሳችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ ኡፊቾ ኤለቶራለ (የኮሙኔው የምርጫ ቢሮ) ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በምርጫው ቀንም ክፍት ነው። የምትመርጡበት ሴጆ (የምርጫ ጣቢያ) ካርዱ ላይ ተጽፏል። እሱንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ መሄድ ነው።

አሁን ወረቀቱ ጋ ቀስ እንበል፣ ድምፅ የሚበላሸው እዚህ ነው። የኮሙኔው ወረቀት ውሃ ሰማያዊ ነው፣ የእያንዳንዱ እጩ ስም በሳጥን ውስጥ አለ፣ የሚደግፉት ፓርቲዎች ምልክት ደግሞ ተደርድሯል፣ ከምልክቱ ጎን ባዶ መስመር አለ። ከ15,000 ህዝብ በላይ ባለው ከተማ የእጩው ስም ላይ ብቻ X ካደረጋችሁ ድምፁ ለሱ ብቻ ነው የሚቆጠረው። የፓርቲው ምልክት ላይ ብቻ ካደረጋችሁ ለፓርቲውም ለከንቲባውም ይሄዳል። ከንቲባውን ከአንዱ፣ ፓርቲውን ከሌላው መምረጥም ይቻላል፣ ትንንሽ ኮሙኔዎች ላይ ግን ይሄ አይሰራም። ባዶው መስመር ላይ ምክር ቤት እንዲገባ የምትፈልጉትን ሰው የቤተሰብ ስም (ኮኞመ) ትጽፋላችሁ፣ ሁለት ከጻፋችሁ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት መሆን አለባቸው፣ ሁለቱም ከዛው ምልክት ካደረጋችሁበት ፓርቲ፣ ካልሆነ ሁለተኛው ይሰረዛል። ሌላ ምንም አትጻፉ፣ ስማችሁንም፣ ፊርማም፣ ምርቃትም፣ ማን እንደመረጠ የሚያሳይ ነገር ካለበት ወረቀቱ ይወድቃል። የሚሰጧችሁ እርሳስ የማይጠፋ ነው፣ በራሳችሁ ቢክ አትጻፉ። ከተሳሳታችሁ ሳትከቱት ለሴጆው ፕሬዚደንት ንገሩት፣ ሌላ ወረቀት ይሰጣችኋል።

ስልክ ይዞ መጋረጃው ውስጥ መግባት ክልክል ነው፣ ከ2008 ጀምሮ እስራትና እስከ 1,000 ዩሮ ቅጣት አለው። ፎቶ ለቤተሰብ ልላክ ብላችሁ እንዳትሞክሩት።

እናቶቻችንን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ጣልያንኛ ማንበብ አልችልም ማለት ሰው አብሮ ለማስገባት ምክንያት አይሆንም፣ አብሮ መግባት የሚፈቀደው ማየት ለማይችል ወይም እጁ ለማይሰራ ሰው ነው። ስለዚህ ቤት ተቀምጣችሁ የፓርቲዎቹን ምልክት አሳዩዋቸው፣ ወረቀት ላይ X አድርጉበት በሏቸው፣ ደጋግማችሁ። የቡና ሰዓት ለዚህ ይበቃል። የትኛውን እንደሚመርጡ ግን ለራሳቸው ተዉላቸው፣ የሳቸው ድምፅ ነው።

በቅርብ ዓመታት የኮሙኔ ምርጫ ባብዛኛው እሁድ ከ7:00 እስከ 23:00፣ ሰኞ ከ7:00 እስከ 15:00 ነው (በጣልያን ሰዓት ነው የማወራው)፣ ስራ ላላችሁ ሰኞ ጠዋትም አለ ማለት ነው፣ ያም ሆኖ የኮሙኔውን ማስታወቂያ እዩ።

እባካችሁ ባሎታጆውን (ሁለተኛውን ዙር) አትተዉት። በትልልቅ ከተሞች ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይወዳደራሉ። ሮም በ2021 መጀመሪያ ዙር የመራው ሚኬቲ ነበር፣ በሁለተኛው ዙር ግን ጓልቲየሪ 60 ፐርሰንት አግኝቶ ከንቲባ ሆነ፣ ለመምረጥ የወጣው ሰው ደግሞ ከግማሽ በታች ነው። አንዴ መርጫለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዋናው ውሳኔ አለፈው ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ወረቀቱ ቀላል ነው፣ ሁለት እጩ ብቻ ነው ያለው፣ የምትፈልጉት ስም ላይ X ነው በቃ፣ የሚያገለግለውም ያው የመጀመሪያው ካርድ ስለሆነ አትጣሉት። ሮምና ሚላኖ ያላችሁ ቀጣዩ በ2027 ጸደይ ነው፣ ቤት የቀየራችሁ ሬዚደንሳችሁን ከአሁኑ አስተካክሉ።