720,720ን ሳትበትኑ አትፍረዱበት፦ ትልቅ ቁጥር ስንመረምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን ሰሌዳው ላይ 720,720 ጻፍኩና "ስለዚህ ቁጥር የምታውቁትን ንገሩኝ" አልኳቸው። የሰማኋቸው ስህተቶች እኛ ትልልቆቹም የምንሳሳታቸው ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ርዝመቱን አይቶ መደንገጥ ነው። ቁጥሩን በትኑት! 720 ሁለቴ ጎን ለጎን ተጽፎ እኮ ነው፤ ማለትም 720 በ1,001 ሲባዛ። 1,001 ደግሞ 7 × 11 × 13 ነው። ስለዚህ የትኛውም ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ሁለቴ ሲደጋገም በ7ም፣ በ11ም፣ በ13ም ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንዷ ልጅ አላመነችኝም። 358,358 ብላ ጻፈችና የደብተሯን የኋላ ገጽ በማካፈል ሞላችው። 51,194፣ 32,578፣ 27,566። ምንም አልተረፈም። ፊቷ ሲበራ ማየት ነበረባችሁ።

"መጨረሻው 1 ስለሆነ ፕራይም ነው" የሚሉም አሉ፤ ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው። 1,001 ራሱ መልሱ ነው።

እኔን በጣም የሚቆጨኝ ግን ቶሎ ማቆም ነው። አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ ዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው) ድረስ ባሉት ፕራይሞች ማካፈል በቂ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም አካፋዮች ከዳግም ዘሩ ከበለጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋል። ግን "እስከ" ማለት እስከ መጨረሻው ማለት ነው። የ10,403 ዳግም ዘር 102 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንድ ጎበዝ ልጅ እስከ 97 ድረስ አካፍሎ ደከመውና "ፕራይም ነው" ብሎ እርሳሱን አስቀመጠ። አንድ ሙከራ ነበር የቀረችው፦ 101 × 103። የሒሳብ ሊቁ ፌርማም 4,294,967,297ን ፕራይም ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. በ641 እንደሚካፈል አሳየ። ስለዚህ ልጁን አልተቆጣሁትም።

ሌላው ስህተት፣ በሁለት ቁጥሮች የሚካፈል ሁሉ በብዜታቸውም ይካፈላል ብሎ ማሰብ ነው። 720,720 ከ1 እስከ 16 ባሉት ሁሉ ይካፈላል፤ እንዲያውም እንዲህ ካሉት ቁጥሮች ትንሹ እሱ ነው። በ16ም በ6ም ይካፈላል ማለት ነው። በ96 ሲካፈል ግን 48 ይተርፋል። 16 እና 6 ሁለቱም ውስጥ 2 አለ፤ ያንን ሁለቴ ቆጥራችሁታል።

የአካፋዮቹን ብዛት ስትፈልጉ ደግሞ አርቢዎቹን (ከፕራይሞቹ ራስጌ በትንሹ የሚጻፉትን፣ ካልተጻፈ 1 የሆኑትን) ዝም ብላችሁ አታባዙ። 720,720 ማለት 2⁴ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13 ነው። አርቢዎቹን ብቻ ብታባዙ 8 ታገኛላችሁ፤ ትክክሉ 240 ነው! በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ጨምራችሁ አባዙ፦ 5 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2። ለምን 1? 2ን አራቴ፣ ሦስቴ፣ ሁለቴ፣ አንዴ መውሰድ ይቻላል፤ ጭራሽ አለመውሰድም ይቻላል። አምስት ምርጫ ነው። ልጆቹ የሚረሱት ያንን "ጭራሽ አለመውሰድ" ነው።

ኤክሴል የምትጠቀሙ ደግሞ ከ15 አሃዝ በላይ አትመኑት። 1234567890123456 ብላችሁ ብታስገቡ የመጨረሻውን 6 ወደ 0 ይቀይረዋል። እንዲህ ያለውን በወረቀት አካፍሉት።