የሰው ሀብት አስተዳደርን አዋጁንና ፔሮሉን (የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን) ይዞ ማጥናት

የሰው ሀብት አስተዳደር ተማሪ ትርጉም ሸምድዶ ፈተና ማለፍ አያቅተውም። ቢሮ ሲገባ ግን የሚጠየቀው የሠራተኛ ትርፍ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ስሌት ነው። ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ ከእጃችሁ አትለዩ። መጀመሪያ ሃንድአውታችሁን በእሱ ፈትሹት፦ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን፣ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 14 ቀን የሚል ከሆነ የተዘጋጀው በተሻረው አዋጅ 377/1996 ነው። አሁን የሙከራው ጣሪያ 60 የሥራ ቀን፣ ፈቃዱ 16 የሥራ ቀን ነው።

ስሌቱን በኤክሴል ከመሥራታችሁ በፊት በወረቀት ሥሩት። ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሠራተኛ ውሰዱ። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 50 ብር ማለት ነው። ትርፍ ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። በበዓል 4 ትርፍ ሰዓት የሠራ 500 ብር ያገኛል። ብዙ ተማሪ 30 ቀንን በ8 አባዝቶ ለ240 ያካፍላል፤ የዕረፍት ቀኑን ከሥራ ሰዓት ስለሚቆጥር ክፍያው ወደ 433 ብር ይወርዳል። ጎደለ የተባለው 67 ብር የሰው ላብ ነውና ይህን ስህተት ከወዲሁ ግደሉት።

ጡረታ የሚሰላው በመደበኛ ደመወዝ ነው፤ ትርፍ ሰዓት አይጨመርበትም። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 728 ብር፣ ይቀነሳል። የአሠሪው 11 በመቶ፣ 1,144 ብር፣ ከድርጅቱ ወጪ እንጂ ከሠራተኛው ተቀናሽ ዓምድ ውስጥ አይገባም።

ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ መዋል አለ። ይልቅ አንድ የተዘጋ የቅጥር ማኅደር ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ከማስታወቂያው እስከ ቅጥር ደብዳቤው ተከታተሉት፦ ተፈላጊ ችሎታው ከማጣሪያው ጋር ይገጥማል? የፈተናው ነጥብ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል? የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ተቀምጧል? በጽሑፍ ካልሰፈረ አሠሪው ሠራተኛውን "ገና በሙከራ ላይ ነህ" ብሎ ማሰናበት ይቸግረዋል። የተቀጣሪውን ስምና ደመወዝ ግን ከቢሮው ውጭ አታውሩ።

ከ2015 ጀምሮ ለዲግሪ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የአዋጁንና የደመወዝ ስሌቱን ጥያቄዎች ለመጨረሻው ወር አታቆዩ።