ትልቁ ፋይል ርካሹ ነው፦ የሙዚቃ ሶፍትዌርና ሳምፕልን በየዲስኩ ማደላደል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዷን መኝታ ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ የምሠራ አቀናባሪ ነኝ። ወጣት አቀናባሪዎች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ሲመጡ አቤቱታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሲ ዲስክ ሞላብኝ፣ ምን ልሰርዝ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፤ ይህ ፋይል ዛሬ ቢጠፋ ከየት ታገኘዋለህ? የትኛው ነገር የትኛው ዲስክ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ስሌቱን እንየው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል። 30 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን ወደ 1.3 ጊጋባይት ይሆናል። 100 ዘፈን ብትሠሩ እንኳ 130 ጊጋባይት ነው። አንድ ትልቅ የኦርኬስትራ ላይብረሪ፣ ማለትም ተቀድቶ የተዘጋጀ የመሣሪያ ድምፅ (ሳምፕል) ክምችት፣ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። እንግዲህ ዲስኩን የሚያጨናንቀው ገንዘብና ኢንተርኔት ካለ ተመልሶ የሚመጣው ነው፤ ከጠፋ የማይመለሰው ግን ጥግ ላይ የተወሸቀ ትንሽ ፎልደር ነው። ብዙ ሰው ቦታ ሲጠበው ከባዱን ላይብረሪ እንደ ንብረት እየጠበቀ ራሱ የቀዳውን ድምፅ ይሰርዛል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ዊንዲርስታት ወይም ዊዝትሪ የተባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ጭናችሁ ቦታውን የያዘው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። የዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ዚፑም ከዚፑ የወጣውም ጎን ለጎን ተኝተው ታገኛላችሁ። ዚፑን ለመሰረዝ ግን አትቸኩሉ። በሌሊት ጥቅል ስንት ሌሊት እየተቆራረጠ የወረደ 40 ጊጋባይት «እንደገና ይወርዳል» ተብሎ የሚጣል አይደለም። መሰንበት ያለበት ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን በርካሹ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው።

ሲ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ፣ የማቀናበሪያው ሶፍትዌርና በውስጡ የሚሠሩት ተጨማሪ ፕሮግራሞች (ፕለጊኖቹ) ይቀመጡ፤ ሌላ ምንም። ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ይዘውት የሚመጡት 256 ጊጋባይት ለዚህ ይበቃል፤ ከእሱም ቢያንስ አምስት እጅ አንዱ ባዶ ይሁን። ቪኤስቲ3 በሚባለው ዓይነት የተሠሩ ፕለጊኖች የታወቀ ቤት አላቸው፦ ሲ ውስጥ «ፕሮግራም ፋይልስ»፣ በእሱ ውስጥ «ኮመን ፋይልስ»፣ በእሱ ውስጥ «ቪኤስቲ3»። ቦታ ለማትረፍ ብላችሁ ከዚያ አታፈናቅሏቸው። የፕለጊኑ ፋይል ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ክብደቱ ያለው አብሮት በሚመጣው የድምፅ ይዘት ላይ ነው። ደኅና የመጫኛ ፕሮግራም ፕለጊኑ የት፣ ይዘቱ የት እንደሚቀመጥ ለየብቻ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ «ቀጥል፣ ቀጥል» የሚለውን መጫን ነው ሲ ዲስክን የሚሞላው። የቪኤስቲ ባለቤት የሆነው ስታይንበርግ የተባለው ኩባንያ ሦስተኛውን ትውልድ በ2008 እ.ኤ.አ. አውጥቷል፤ ለሁለተኛው የሚሰጠውን ድጋፍ እንደሚያቋርጥም በ2022 አስታውቋል። ስለዚህ ሁለቱም ምርጫ ከቀረበላችሁ ሦስተኛውን ብቻ ጫኑ፤ የቆየ ፕሮጀክታችሁ ሁለተኛውን የሚጠራ ከሆነ ግን አትንኩት። ማክ ያላችሁና ሎጂክ በተባለው የማቀናበሪያ ሶፍትዌር የምትሠሩ ደግሞ የሎጂክን የድምፅ ክምችት በእጅ አትጎትቱ፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ውጭ ዲስክ የሚያዛውርበት ትእዛዝ አለው።

አሁን ወደ ሳምፕሉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። «ሁሉንም ኤስኤስዲ (ፈጣኑና ውዱ ዲስክ) ላይ አድርግ» የሚለው ምክር ኪስ ላለው ነው። ኮንታክትን የመሰለ ሳምፕለር (ሳምፕሎችን የሚያጫውት ፕለጊን) አንድን ትልቅ መሣሪያ ስትከፍቱለት የእያንዳንዱን ድምፅ መነሻ ብቻ ራም ላይ ያስቀምጣል፤ የቀረውን ቁልፉ ሲነካ ከዲስኩ ያነባል። ፔዳል ተረግጦ ፒያኖ ሲመታ በአንድ ጊዜ በርካታ ድምፆች ከተለያየ ቦታ ይጠራሉ። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ሙዚቃው መሀል ላይ የሚንጣጣውና የሚቆረጠው በዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ስለዚህ ፒያኖ፣ ስትሪንግ፣ ብራስና ኳየር ኤስኤስዲ ላይ ይግቡ።

የከበሮ ምት፣ ጭብጨባ፣ አጫጭር ሉፖችና ልዩ ልዩ ማጀቢያ ድምፆች ግን ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ይጫናሉ፤ ከተጫኑ በኋላ ዲስኩ ምንም ሥራ የለበትም። እነዚህን ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ብታስቀምጧቸው የምታጡት ፕሮጀክቱ ሲከፈት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ባለ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲና ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ መሥራት ይቻላል፤ እኔም የምሠራው እንዲሁ ነው።

ኤስኤስዲውን የምትሰኩበትን ቀዳዳም እዩ። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ ማለትም በወረቀት ላይ እንኳ 60 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ዩኤስቢ 3.0 ግን 5 ጊጋቢት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ገመዱም ከቀዳዳው እኩል መሆን አለበት፤ የስልክ ቻርጀር ገመድ የኤስኤስዲ ገመድ አይደለም።

ዲስክ ስትገዙ ዋጋው ካስደነገጣችሁ፣ በተለይ በማነሱ ካስደነገጣችሁ፣ ተጠንቀቁ። ማሸጊያው 2 ቴራባይት የሚል፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራባይት ብሎ የሚያሳየው፣ ውስጡ ግን 64 ጊጋባይት የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። እስኪሞላ ድረስ ደህና ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉበት ሁሉ የቀደመውን እየበላ ይሄዳል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን በሙከራ ፋይል ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ይውሰድ። ሻጩ የመመለሻ ጊዜ የሰጣችሁ እንደሆነ በዚያው ሌሊት ፈትኑት።

አዲሱ ዲስክ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ቅርጸቱን ምረጡ፤ ይህ ዲስኩን ባዶ ስለሚያደርገው ምንም ሳትጽፉበት ነው መደረግ ያለበት። በዊንዶውስ ብቻ የምትሠሩ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ኤክስፋት በዊንዶውስም በማክም ስለሚነበብ ይመቻል፤ ነገር ግን የጀመረውን ጽሑፍ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም፤ ሲጽፍ ኃይል ከተቋረጠበት ፎልደሮቹን ማጣት ይቻላል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በዚሁ ምክንያት ለብቻው ሶኬት የሚፈልገውን ትልቁን የጠረጴዛ ሃርድ ዲስክ አልመክርም። ከዩኤስቢው ኃይል የሚወስደው ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፑ ባትሪ እየተመገበ ሥራውን ይጨርሳል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ካላችሁ ከኤስኤስዲው በፊት ባትሪውን ለውጡ።

ከዚያ ፊደል ስጡት። ዊንዶውስ ለውጭ ዲስክ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እያለ ባገኘው ተራ ፊደል ይሰጣል። ዛሬ ኢ የነበረው ነገ የደንበኛ ፍላሽ ቀድሞት ከተሰካ ኤፍ ይሆንና ፕሮጀክታችሁ ሳምፕሎቹን በሙሉ «አላገኘኋቸውም» ይላል። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ከፊደል ገበታው ጫፍ አካባቢ ያለ አንድ ፊደል ስጡት፤ የእኔ የሳምፕል ዲስክ ኤስ ነው፣ የመጠባበቂያው ዜድ። ላይብረሪ ስታዛውሩም የውስጥ ፎልደሮቹን ስም አትለውጡ፤ ሙሉውን እንዳለ ቅዱ፣ በኔቲቭ አክሰስ (የኮንታክት ላይብረሪዎችን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የተመዘገበ ከሆነ አዲሱን ቦታ እዚያው አሳዩት፣ ከዚያ አንድ መሣሪያ ከፍታችሁ ድምፁን ሰምታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ አሮጌውን ሰርዙ። ኤፍኤል ስቱዲዮ በተባለው የማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የሳምፕል ፎልደሩን በፋይል ሴቲንግ በኩል ወደ ብራውዘሩ መጨመር ይቻላል፤ በየጊዜው መቆፈር ይቀራል።

የራሳችሁ ቅጂ ላይ ቆም እንበል። ከአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም ስለማንርቅ የከባድ መኪናው ጥሩምባ ቀን ቀን ማይክ አያስከፍትም። ክራሩንም ማሲንቆውንም የቀዳሁት ሌሊት፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነው። ማሲንቆውን የተጫወቱልኝ አባት ዛሬ አገራቸው ገብተዋል። ያንን ድምፅ ከየትኛውም ድረ ገጽ አላወርደውም። ስለዚህ ይህ ፎልደር ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ ጥሬው ቅጂ ሳይነካ ለብቻው፣ ተቆርጦ የጸዳው ለብቻው።

ስም አሰጣጡ ላይ የውጭ የሳምፕል ጥቅሎችን (ፓኮችን) አትምሰሉ። «ሲ ማይነር፣ 120» የሚለው ለእነሱ በቂ ነው፤ ለእኛ አይደለም። ማይነር ሰባት ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ቅኝታችን አምስት ነው። አንቺ ሆዬን ከየትኛው ማይነር ልትመድቡት ነው? እኔ መሣሪያውን፣ ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁን፣ ምቱንና ፍጥነቱን በዚህ ቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ለምሳሌ ክራር፣ ባቲ፣ ዲ፣ 6/8፣ 110። ትዝታ ከሆነ ሜጀሩን ከማይነሩ እለያለሁ። ምቱን መተው አይገባም፤ ቺክቺካ በ6/8 ስለሚቆጠር ፍጥነቱ በየትኛው ቆጠራ እንደተለካ ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። ማሲንቆ ለዘፋኙ ድምፅ ስለሚቃኝ ከ440 ኸርዝ መለኪያ ወጣ ያለ እንደሆነ ልዩነቱን በሴንት (በግማሽ ድምፅ መቶኛ) ጨምሩበት። ፎልደሩ ውስጥ ደግሞ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይኑር፦ ማን ተጫወተ፣ መቼ፣ ስንት ተከፈለ፣ ለምን ለምን ልጠቀምበት ተስማማን። ድምፁ ከዓመታት በኋላ ማስታወቂያ ላይ ሲገባ ያ ጽሑፍ ይፈለጋል።

የፋይል ስሞቹን በላቲን ፊደል ጻፉ። በፊደላችን መጻፍ ደስ ይላል፤ አንዳንድ የቆዩ ፕለጊኖች ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መንገድ ማንበብ አይችሉም። ፎልደር በፎልደር ውስጥ መደራረብም ልክ ይኑረው፤ የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም ተደምሮ 260 ፊደል ሲደርስ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ፋይሉን መክፈት ያቅታቸዋል።

ፕሮጀክቶችን በተመለከተ አንድ ዘፈን አንድ ፎልደር ነው፣ ፎልደሩም ራሱን የቻለ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ በኤብልተን «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ»፣ በኩቤዝ «ባክ አፕ ፕሮጀክት»፣ በኤፍኤል ስቱዲዮ «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ» የሚሉትን ትእዛዞች ተጠቀሙ፤ ሪፐር ደግሞ «ሴቭ አዝ» ስትሉ ድምፆቹን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር የሚቀዳ ምርጫ ያቀርባል። ከዚያ እያንዳንዱን ትራክ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ወደ ዌቭ (ያለ ፕለጊን ወደሚከፈት የድምፅ ፋይል) አውጥታችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ፕለጊኑ ቢቀር፣ ፈቃዱ ቢያልቅ፣ ዌቭ ይከፈታል።

ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ኤስ ዲስክ ይነቀል። ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከተማውን መዞሩን አልተወም። የተሰበረ (ክራክ የተደረገ፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራ) ሶፍትዌርም የሚሰራጨው በዚያው መንገድ ነው፤ ሪፐር 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ ያነሰ ነው።

መጠባበቂያው ዜድ ዲስክ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይሰካም። ፍሪፋይልሲንክ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይቀዳል። ዜድ ላይ የሚሄዱት በቅደም ተከተል የራሴ ቅጂዎች፣ ፕሮጀክቶች፣ የፈቃድ ቁጥሮች፣ ከዚያ የመጫኛ ፋይሎችና ዚፖቹ ናቸው። የተጫነውን ላይብረሪ ቦታ ከተረፈ ብቻ እቀዳለሁ። ሦስተኛው ዲስክ ሳሪስ እኅቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሌባም እሳትም የቧንቧ ውኃም ሁለቱን ቤት በአንድ ቀን አይጎበኝም ብዬ ነው። የያዘው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ስለሆነ ትንሽና ርካሽ ዲስክ በቂ ነው። ለበዓል ስንሄድ አምጥቼ አድሳለሁ።

የተቀዳ ፋይል ተከፍቶ ካልታየ መጠባበቂያ አትበሉት። ከዜድ አንድ ፕሮጀክት መርጣችሁ የሳምፕል ዲስኩ ባልተሰካበት የሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። የኮንታክት ድምፆች ባይመጡ አይግረማችሁ፤ እነሱ ላይብረሪው ላይ ናቸው። የተቀዳ ድምፅ «ጠፍቷል» ካለ ግን ያ ዘፈን ድምፆቹ አልተሰበሰቡለትም፤ ወደ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ተመልሳችሁ ሰብስቡና እንደገና ቅዱት።