ደብረ ብርሃን ላይ የማኅበር አፓርታማ ለምትገዙ

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ እዩ። በሻጩ ስም ከወጣ መልካም። ገና በማኅበሩ ስም ከሆነ ግን የምትገዙት ቤት ሳይሆን አባልነት ነው፤ ሻጩ ብቻውን ፈርሞ ስም ሊያዞርላችሁ አይችልም። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ፣ አባል መተካት መፈቀዱን የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ማኅበሩ ይስጣችሁ። ደላላው የሚያሳያችሁ ፎቶ ኮፒ ብዙም አይረባም። ከሻጩ ጋር መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ዕዳ፣ እግድ ወይም ያልተከፈለ ሊዝ መኖር አለመኖሩን ከፋይሉ አስጠይቁ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ አንዱ ብቻ የጋራውን ቤት ከሸጠ ሽያጩ በሌላው ክስ ሊፈርስ ይችላል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆን አለበት፤ «ያስተዳድርልኝ» የሚል ብቻ አያሸጥም። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም አጣሩ፤ እሱ ከሞተ ውክልናው በመርህ ያበቃል።

የምትከፍሉት ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በውሉ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ዋናው ውል ግን ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ይሁን፤ ሦስት ምስክር ያለው የመንደር ውል ስም አያዞርም።

ቤቱን የምታዩት በጠዋት ይሁን። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል። በአዲስ ቀለም የተሸፈነ እንዳይሆን ከቁም ሣጥን ጀርባ ተመልከቱ፣ የላይኛው ፎቅ ላይም ቧንቧውን ከፍታችሁ ግፊቱን እዩ።