የሐዋሳው ሕንጻ የራዳር ሲሙሌሽን ከሳተላይት ምስሉ ጋር አልገጥም ሲል

ሕንጻ መጎዳቱን ለማወቅ፣ ደህና ሳለ በራዳር እንዴት እንደሚታይ በኮምፒውተር ተሰልቶ (ሲሙሌሽን ይባላል) ከእውነተኛው የሳተላይት ምስል ጋር ይነጻጸራል። በሐዋሳ ላለ 18 ሜትር ከፍታ ሕንጻ የተሠራው ሲሙሌሽን ግን ቴራሳር ኤክስ ከተባለው የራዳር ሳተላይት ምስል ጋር አልገጠመም ነበር። በራዳር ምስል ላይ ግድግዳ ወደ ሳተላይቱ ጎን ተጋድሞ ይታያል፤ በሲሙሌሽኑ ግን ግድግዳው ወደ ምዕራብ መጋደም ሲገባው ወደ ደቡብ ተጋደመ፤ በግድግዳው እግር ላይ የሚወጣው ደማቅ መስመርም ጠፋ። በዚህ ዓይነት ሲነጻጸር ደህናው ሕንጻ «ፈርሷል» ይባላል።

ምክንያቱ የሳተላይቱ የጉዞ አቅጣጫ፣ ከሰሜን ወደ ቀኝ ሲቆጠር 350 ዲግሪ ገደማ፣ በሲሙሌሽኑ እንደ እይታ አቅጣጫ ገብቶ ነው። ራዳሩ የሚያየው ወደ ቀኙ ስለሆነ 90 ሲደመርና ሙሉው ዙር 360 ሲቀነስ 80 ዲግሪ ይሆናል። ሲሙሌሽኑ የሚከተለው የነጸብራቅ ብዛትም (ጨረሩ ስንት ጊዜ ነጥሮ እንደሚመለስ) 1 ላይ ቀርቷል። ደማቁ መስመር የሚወለደው ጨረሩ መሬቱንም ግድግዳውንም ነክቶ ሲመለስ ነውና ቢያንስ 2 ይደረግ። ሞዴሉ ውስጥ በሕንጻው ዙሪያ ያለው መሬትም ይግባ፤ ይኼ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ስሌት ነው። ጨረሩ ከቁም መስመር 35 ዲግሪ ሲያዘነብል የተጋደመው ክፍል 25.7 ሜትር (18 ለታንጀንት 35 ተካፍሎ)፣ የጥላው (ጨረሩ የማይደርስበት ቦታ) ጫፍ ደግሞ ከኋላው ግድግዳ 12.6 ሜትር ርቆ ይወጣል። ከእርማቱ በኋላ ሁለቱም ገጠሙ።

በሐዋሳ ግን ዛፉን ልብ በሉ። የቴራሳር ኤክስ የ3.1 ሴንቲሜትር ሞገድ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ዘልቆ አያልፍም፤ በዛፍ የተከለለ ግድግዳ ደማቁን መስመር ቢያጣ ከጉዳት አይቆጠር።