«ቢዚ ነኝ» ከማለት በኋላ፦ የሥራ ብዛትን በእንግሊዝኛ ለመናገር

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ «ቢዚ ነኝ» ድሮ አማርኛ ሆኗል። ጣጣው የሚመጣው ከውጭ አገር አለቃ ወይም ደንበኛ ጋር ወሬውን በእንግሊዝኛ መቀጠል የግድ ሲሆን ነው።

«ቢዚ»ን የሚከተለው ስም ከሆነ መሀል ላይ «ዊዝ» ይገባል፦ «አይ አም ቢዚ ዊዝ ዘ ሪፖርት»። ግስ ከሆነ ግን ግሱ ላይ «ኢንግ» ተቀጥሎ በቀጥታ ይመጣል፦ «አይ አም ቢዚ ቼኪንግ ዘ ሪፖርት»። «ቢዚ ቱ ቼክ» ስህተት ነው። ፊቱ ላይ ሌላ «ቱ» ተጨምሮ «ቱ ቢዚ ቱ ቼክ» ሲባል ትክክል ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን «ከሥራ ብዛት የተነሳ ማየት አልቻልኩም» ነው። ሪፖርቱን እያዩ ያሉ ሰው ይህን ካሉ አልነካሁትም ማለትዎ ነው።

ከአማርኛ በቀጥታ የሚገለበጡም አሉ። «ሥራ ላይ ነኝ» ለማለት «ኦን ወርክ» አይባልም፤ «አት ወርክ» ነው። «ተወጥሬያለሁ»ን «አይ አም ቴንስ» ካሉት ሰሚው የሚረዳው ጭንቀትዎን እንጂ ሥራዎን አይደለም። «ሄክቲክ» ደግሞ ለሰው አይሆንም፤ ቀኑ ወይም ሳምንቱ ነው «ሄክቲክ» የሚባለው።

ከፈሊጦቹ ለቢሮ ሰው በብዛት የሚጠቅመው «ታይድ አፕ» ነው። ቃል በቃል መታሰር ቢሆንም ፖሊስ ጣቢያ አያደርስም፤ የኛው «ተጠምጃለሁ» ይቀርበዋል። ስብሰባ ወይም ስልክ ይዞዎት መነሳት ሲያቅት ይባላል። «አፕ»ን አይጣሉ፤ «ታይድ»ም ሲቸኩሉ «ታየርድ» እንዳይመስል ይጠንቀቁ፤ ያ «ደክሞኛል» ነው።

ሥራው ከአቅም በላይ ሲሆን «ስዎምፕት» ይባላል። ለወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ወይም ለትዕዛዝ ክምር ልክ ነው፦ «ዊ አር ስዎምፕት ዊዝ ኦርደርስ»። «ስኖውድ አንደር»ም ያው ነው፤ በበረዶ ክምር ከመቀበር የመጣ ስለሆነ፣ ብርዱን እንጂ ክምሩን ለማያውቅ የጦሳ ተራራ ሥር ልጅ ትንሽ እንግዳ ነው። «አፕ ቱ ማይ ኔክ ኢን ወርክ» ግን አማርኛው ራሱ ነው፦ ሥራ እስከ አንገቴ።

ተጨማሪ ሥራ በትህትና ለመመለስ «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦን ማይ ፕሌት» ይሻላል። «ሳህኔ ሞልቷል» እንደማለት ነው፤ የቤት ጣጣንም ያካትታል። በገበያ ቀን ቁጭ ማለት ያጣ ባለሱቅ ወይም አስተናጋጅ «ረሽድ ኦፍ ማይ ፊት» ይላል፤ ይህ የእንግሊዞች ነው፣ አሜሪካኖች ብዙም አይጠቀሙበትም። ስልክ ሲያዝም አሜሪካኑ መስመሩ «ቢዚ» ነው ሲል እንግሊዙ «ኢንጌጅድ» ይላል። ይኸው ቃል ለሰው ሲሆን የታጨ ማለት ነው። «ቢዚቦዲ»ን ደግሞ ታታሪ መስሏችሁ ለሰው እንዳትሰጡ፤ በሰው ጉዳይ ጥልቅ የሚል ማለት ነው።

ከቃሉ ይልቅ ሰው የሚያስቀይመው አጣጣሉ ነው። «አይ አም ቢዚ» ብቻውን በር እንደመዝጋት ይሰማል። ይቅርታ፣ ምክንያትና ሌላ ሰዓት ያስከትሉ፦ «ሶሪ፣ አይ አም ታይድ አፕ አንቲል ቴን። ካን አይ ኮል ዩ አፍተር ዛት?» ሰዓቱን ሲናገሩ በኛ አቆጣጠር ላይ 6 ይደምሩ፤ እዚህ «ቴን» የተባለው የኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። «ፎር» ካሉት ግን ደንበኛው ስልክዎን የሚጠብቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይሆናል።